እርማት፦ የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናው ኤስኤቲ ለኮሌጅ ስፖርት ቢቀርም የትምህርት መስፈርቱ አልቀረም

«ኤስኤቲ ቀርቷል፤ ልጁ ፉትቦል ከቻለና የቡድኑ አምበል ከሆነ ውጤቱን ማንም አያይም» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁ። ግማሹ እውነት ነው። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ ፈተናውን እ.ኤ.አ. በ2023 ከመስፈርቱ አውጥቷል። ሌላው ግን እንዳለ ነው። በዲቪዥን 1፣ ማለትም በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት ለመጫወት 16 ዋና ዋና ኮርሶች፣ በእነሱም ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል። ከ16ቱ 10ሩ ደግሞ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው፤ ከነዚህም 7ቱ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከሳይንስ። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ልጁ በ12ኛ ክፍል ሲነቃ ጊዜው አልፏል። አምበልነቱም ሆነ የአሰልጣኙ ፍቅር አያድነውም። እባካችሁ፣ ልጁ ገና 9ኛ ክፍል ሳለ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ጠይቁ። የትኞቹ ኮርሶች እንደሚቆጠሩ በኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ድረ ገጽ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ።