የራሱን ጠላ ይዞ ደቦ ለሚወጣ ሰው

ደቦ የጠራ ገበሬ ጠላ ይጠምቃል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ነገ ደግሞ በተራው ማጭዱን ይዞ ጎረቤቱ ማሳ ላይ ይገኛል። ይህ ኋላ ቀር አሠራር ነው። የሠለጠነውን ደቦ ማየት የፈለገ ኮምፒውተሩን ለሳይንስ የሚያውሰውን በጎ ፈቃደኛ ይመልከት። በሬው የራሱ፣ ቀንበሩ የራሱ፣ ጠላውም የራሱ። አዝመራው የማን እንደሆነ መጠየቅማ ነውር ነው፤ እሱም አይጠይቅም።

ትሕትናው ገና ሲጀምር ያስታውቃል። የሳይንስ ፕሮጀክቶችን ስሌት ለበጎ ፈቃደኞች ማሽን የሚያከፋፍለውን ቦይንክ የሚባል ሶፍትዌር ያወርዳል፣ ከዝርዝሩ ፕሮጀክት ይመርጣል፣ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ያስገባል። የአጠቃቀም ደንቡ ሲመጣ በሁለት ሰከንድ አንብቦ «ተስማምቻለሁ» ይላል። ልብ በሉ፣ ይኸው ሰው ግራፊክስ ካርድ ሲገዛ ሦስት ሳምንት ዋጋ ያወዳደረ ነው።

ቀጥሎ ልግስናው ይመጣል። ከፕሮሰሰሩ ስንት እጁ ይሥራ ሲባል፣ መቶ በመቶ! ግማሹን ቢፈቅድ ላፕቶፑ ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራለት ነበር። አሁን ግን ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፤ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ላፕቶፑ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ የአየር ማስገቢያው ከታፈነማ ሳይንስ የሚያገኘው ሙቀቱን ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ያለውስ? 150 ዋት የሚበላ ማሽን ሌት ተቀን ከሠራ በ30 ቀን 108 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ክርክር የሌለበት ነገር ቢኖር የመብራት ሒሳቡ ነው።

ደግሞ በነፃ አይደለም፣ ነጥብ አለ። በሰከንድ 1 ቢሊዮን ስሌት የሚሠራ ማሽን ቀኑን ሙሉ ደክሞ 200 ነጥብ ያገኛል፤ መለኪያው ይህ ነው። ነጥቡ ዳቦ አይገዛም፣ ሰንጠረዥ ላይ ግን ከፍ ያደርጋል። ለዚህ ክብር ሲል ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ የሚያስሮጥ አርበኛ ሞልቷል። በግድ የሮጠ ፕሮሰሰር ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ይሳሳታል። ለዚህም ነው ብዙ ፕሮጀክቶች አንዱን ሥራ ለሁለት ሰው የሚልኩት፤ መልሶቹ ካልገጠሙ ሦስተኛ ሽማግሌ ይጠራል፣ የተሳሳተው ነጥቡን ያጣል። ነጥብ ጎደለ ማለት ነውና አቤቱታው ይጎርፋል! በማሽኑ ስሌት ስለተገኘ የመድኃኒት ቀመር አቤት ለማለት ግን ጨዋነቱ አይፈቅድለትም።

አንዳንድ ፕሮጀክቶች ይህን ጨዋነት ለማበላሸት ሞክረዋል። የሰማይ አካላትን የሚያድነው አንስታይን አት ሆም እ.ኤ.አ. በ2010 በአሬሲቦ ቴሌስኮፕ መረጃ ውስጥ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ የሚሽከረከር ፑልሳር (እየተሽከረከረ የሬዲዮ ሞገድ የሚረጭ የሞተ ኮከብ) ሲገኝ፣ ማሽኖቻቸው ያገኙትን የአዮዋ ባልና ሚስት እና አንድ ጀርመናዊ በስማቸው ጠራ። እርግጥ ፑልሳር አይሸጥም፤ ስም መስጠት እዚህ ላይ አይከብድም። ግዙፍ ፕራይም ቁጥር (ለራሱና ለ1 ብቻ የሚካፈል ቁጥር) የሚያድነው ጊምፕስ የተባለ ፕሮጀክት ደግሞ ነገሩን እንደ እድር ገንዘብ ያዥ አስቀድሞ ጽፎታል። ለተራ ግኝት 3,000 ዶላር፤ 100 ሚሊዮን አሃዝ ያለው ቁጥር ተገኝቶ የ150,000 ዶላሩ ሽልማት ከመጣ ለአግኚው 50,000። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ41 ሚሊዮን አሃዝ በላይ ያለውን ያገኘው የቀድሞ የቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ መሐንዲስ ለኪራይ ማሽኖች ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር እንዳወጣ ተነግሯል። አትራፊ ባይሆንም ድርሻውን ቀድሞ ያውቅ ነበር። የበጎ ፈቃደኞችን ማሽን ለተመራማሪዎች የሚያቀርበው ወርልድ ኮሚውኒቲ ግሪድ ደግሞ ተመራማሪዎቹን ውጤታችሁን ለሕዝብ ካልለቀቃችሁ ማሽን የለም ይላቸዋል። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ!

ፕሮቲንና መድኃኒት ላይ ስንደርስ ነው የበጎ ፈቃደኛው ዝምታ ወርቅ የሚሆነው። የአሜሪካ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሕግ ፈልሳፊ የሚለው ሐሳቡን የፀነሰውን ነው፤ ማሽን ያዋሰ ሰው በሕግ ፊት እስክሪብቶ እንዳዋሰ ሰው ነው። በዚህ ሕጉ አልተሳሳተም። ለሚሊዮን አዋሽ ሚሊዮን የባለቤትነት ድርሻ ቢታደል አንዱ ፊርማ ሲጠፋ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ይሻግታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የኔ ድርሻ ስንት ነው ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ጥሬ ውጤቱ መቼ ይለቀቃል? ፓተንት ይወጣበታል ወይስ አይወጣም? ፈቃዱን የሚሸጠው ማን ነው? በበጎ ፈቃደኞች ማሽን ላይም የሠራው ሮዜታ የተባለው የፕሮቲን ሶፍትዌር ለዩኒቨርሲቲ ነፃ፣ ለኩባንያ በክፍያ ነው፤ ይህ የተደበቀ አይደለም፣ የፈለገ ያነበዋል። ፎልዲንግ አት ሆም የተባለው የፕሮቲን ፕሮጀክት ማሽኖች የተሳተፉበት፣ የኮቪድ መድኃኒት ፍለጋ የሆነው ኮቪድ ሙንሾት ደግሞ ገና ከጅምሩ ያለ ፓተንት ነው የምንሠራው ብሎ ተነሣ። በሁለቱም ቦታ ያው ፋን ያጓራል፣ ያው ቆጣሪ ይዞራል።

ደንቡን ከፍቶ «ውጤት»፣ «ፓተንት» እና «ፈቃድ» የሚሉትን ቃላት መፈለግ፣ ከሌሉም ለፕሮጀክቱ አንድ ኢሜይል መጻፍ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ቦይንክ ደግሞ ሰው ኮምፒውተሩን ሲነካ ሥራ እንዲያቆም ተቀናብሮ ከሆነ፣ ያ 10 ደቂቃ በመለኪያው ማሽን ወደ 1.4 ነጥብ ነው። ይህን የሚያህል ሀብት በንባብ ላይ ማን ያባክናል?