ሆቴል ሲሆን ሼፍ፣ ቤት ሲሆን ሴታሴት
እዚህ ድሬ ወንድ ልጅ ሆቴል ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፍ «ሼፍ» ነው፤ ቤቱ ሲከትፍ «ሴታሴት»! ሚስት ቀፊራ ገበያ ፀሐይ ላይ ስትቸረችር ውላ ስትገባ፣ አባወራው ከበርጫው ሳይነሳ «ራት የለም እንዴ?» ይላል። ወይ ወንድነት!

ሽሮ እኮ ጡንቻ አይጠይቅም። አንድ ራስ ሽንኩርት በዘይት አቁላላ፣ በርበሬ ጨምር፣ እንዳያር ውሃ ጠብ አድርግበት። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፤ ሲፈላ አራት ሙሉ ማንኪያ ሽሮ እየበተንክ አማስል። ባንዴ ከዘረገፍከው ይጓጉላል፣ ካላማሰልከው ሥሩ ይይዛል። በቃ!

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ብሎት ነበር። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ግን በአንቀጽ 50 ሁለቱንም እኩል አድርጓል። ሕጉ ተቀየረ፤ ጀበና ማንሳት ግን ዛሬም «የሴት ነው»!