ፊትህን አውቀዋለሁ፣ ስምህ ጠፋኝ

አንድ ክፍል ተምረው ከ30 ዓመት በኋላ የሚገናኙ ሰዎች የመጀመሪያ ችግራቸው ናፍቆት አይደለም። «አንተ» ይባል ወይስ «እርስዎ» የሚለው ነው። ያ ከኋላ ወንበር አፉን ከፍቶ ያንቀላፋ የነበረ ልጅ ዛሬ በክራባት፣ በሽበትና ባለቤቱን ቀድሞ በሚገባ ቦርጭ ታጅቦ ብቅ ሲል ምላስ ይተሳሰራል። ችግሩ ግን አምስት ደቂቃም አይቆይም። ከወዲያ ጥግ አንዱ የድሮ ቅጽል ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራዋል፤ ሰውየው ሳያስበው «አቤት!» ይላል። አለቀ። በመሥሪያ ቤት፣ በሠርግና በስብሰባ ሲገነባ የኖረ ክብር በአንዲት ቃል ተናደ። ከዚያ በኋላ ማን «እርስዎ» ይለዋል?

ነገሩ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከፋቹ ወይ ጡረታ የወጣ ወይ ልጆቹ ከቤት የወጡለት ሰው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የደበዘዘ ፎቶ፣ እንባና «የት ጠፍታችሁ ነው?» ይጎርፋል። በሁለተኛው አንዱ የሚሸጠውን ዕቃ ይለጥፋል፤ በሦስተኛው ሁለቱ በፖለቲካ ይጣሉና አንዱ «ወጥቷል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው «ለምን በአካል አንገናኝም?» የሚባለው።

ቀኑን ለሕዝብ ምርጫ ማቅረብ ትልቁ ስሕተት ነው። ስድሳ ሰው «መቼ ይመቻችኋል?» ቢባል ስድሳ ቀን ይመጣል፤ ሦስቱ ደግሞ ያለፉ ቀኖች ናቸው። ሦስት ወይም አራት ሰው ቀኑን ቆርጦ፣ ከሦስት ወር በፊት አስታውቆ፣ መዋጮውን አስቀድሞ መሰብሰብ ነው የሚያዋጣው። ወንበር የሚቆጠረውም «እመጣለሁ» ባለው ሳይሆን በከፈለው ልክ ነው። «እሞክራለሁ» ማለት አልመጣም ማለት ነው፤ «ካለሁ እኖራለሁ» ያለውማ ካሁኑ ቀርቷል። ገንዘብ ያዡን መፈለግ አያስፈልግም። ያኔ ሰሌዳ ላይ የረባሽ ስም ይጽፍ የነበረው አለቃ ሳይጠራ ይመጣል። ዛሬ ደግሞ ያልከፈሉትን ዝርዝር ግሩፑ ላይ ይለጥፋል፤ አናት ላይ ያሉት ሁለት ስሞች ያው የድሮዎቹ ናቸው።

ዋናው ጣጣ ስም ነው። ባህሪክ የተባለ ሥነ ልቦና አጥኚ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናት 392 የሁለተኛ ደረጃ ምሩቃንን ፈትኖ ነበር። ከማያውቋቸው ሰዎች ፎቶ መሐል የክፍል ጓደኞቻቸውን ለዩ ሲባሉ፣ ከተመረቁ ወደ 35 ዓመት የሆናቸው እንኳ ከ100 ፊት 90 ያህሉን ለዩ። ያለ ፎቶ ስም ዘርዝሩ ሲባሉ ግን ውጤታቸው ወረደ። ልብ በሉ፣ የታየው ፎቶ የያኔው ነው፤ ራሰ በራና ድርብ አገጭ ፈተናው ውስጥ አልነበሩም።

ስለዚህ ደረት ላይ የሚለጠፍ ስም የግድ ነው። አሠራሩን ቀላል አድርጎ የሚያይ አዘጋጅ ግን ድግሱን ያበላሻል። ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ የዓይን ሌንስ እየደደረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለ ደቃቃ ጽሑፍ አይነበብም፤ ፊደሉ ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። በረጅም ገመድ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ አይሆንም፤ ተንሸራቶ ቦርጭ ላይ ያርፍና ሰላምታ ሰጪው ሁሉ እጅ የሚነሳ ይመስላል። የግድ ገመድ ከሆነ ስሙ በሁለቱም ፊት ይጻፍ፤ ካርዱ ሲዞር በነጭ ወረቀት ሰላም የሚባባሉ ሰዎች አያምሩም። በስሙ ጎን የያኔው ጉርድ ፎቶ ቢለጠፍ ደግሞ ግማሹ ሥራ ተቃለለ። ዓይን ከፊት ወደ ደረት ይወርዳል፣ ያነባል፣ ይመለሳል፤ «አንቺን እንዴት ልረሳሽ!» የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ የትምህርት ወሬ ይመጣል፤ ውሸቱም አብሮ። በተሰብሳቢው አፍ ከተሄደ ያ ክፍል 14 ሦስተኛ የወጡ ተማሪዎች ነበሩት። አንደኛ ነበርኩ የሚል አይገኝም፤ እውነተኛው አንደኛ እዚያው ተቀምጧል፣ ሁለተኛዋም ከአጠገቡ። አይፈረድባቸውም፤ ሁሉም አውቀው አይዋሹም። ያው ባህሪክ ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ሌላ ጥናት 99 የኮሌጅ ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ውጤታቸውን እንዲያስታውሱ ተደርጎ ከማኅደራቸው ጋር ተመሳከረ። «ኤ» ካገኙባቸው 100 ውስጥ 89ኙን በትክክል አስታወሱ፤ «ዲ» ካገኙባቸው ግን 29ኙን ብቻ። እነዚህ ገና ኮሌጅ ያሉ ልጆች ናቸው እንግዲህ። 30 ዓመት ሲጨመርበት «ዲ»ዋ ምን እንደምትሆን አስቡት።

«ጎበዙ ደሞዝተኛ ሆነ፣ ረባሹ ሀብታም ሆነ» የሚለው ተረትም የሚፈላው እዚሁ ነው። ለማመን የሚከብደው ሒሳቡ ስለተዛባ ነው። ስብሰባ የሚመጣው ወይ የተሳካለት ወይ ግድ የሌለው ነው። ሥራ የፈታው፣ ከትዳሩ የተጣላው፣ ያልተሳካለት ረባሽ ሁሉ «ጉዳይ ገጥሞኝ ነው» ብሎ ቀርቷል። የቀሩት ሳይቆጠሩ ነው እንግዲህ መደምደሚያው የሚሰጠው።

የፉክክሩ ዓይነት በየአሥር ዓመቱ ይለዋወጣል። በ10ኛው ዓመት መኪናና ሙሽራ ነው፤ በ20ኛው የልጆች ትምህርት ቤት። በ30ኛው ደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ይነጻጸራሉ፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣ የሚያሸንፍበት ብቸኛ ፈተና ይህ ነው፤ ለብዙዎች የረፈደ ድል። በ40ኛው ወሬው ሁሉ በአንዱ ስልክ ማንቂያ ይቋረጣል፤ ስምንት ሰው ኪሱን ይዳብሳል፤ የኪኒን ሰዓት ነው።

ሙዚቃው ዝግ ይበል። ዕድሜ መጀመሪያ የሚነጥቀው ቀጭን ድምፅ መስማትን ነው፤ በጫጫታ መሐል «ሰ»ና «ፈ» ይደባለቃሉ። «ሚስቴ ሞተች» ላለው ሰው «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ!» የሚል ምላሽ የሚሰጠው ድምፅ ማጉያው ሥር ነው።

የቡድን ፎቶ ለመጨረሻ አይቆይ፤ መሸሽ የጀመረውን መልሶ ማሰለፍ አይቻልም። ዓይኑን የሚጨፍን እንዳይኖር ስንት ጊዜ መነሳት እንዳለበት አውስትራሊያ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አስልተው እ.ኤ.አ. በ2006 ኢግ ኖቤል የተባለውን፣ መጀመሪያ የሚያስቅ ኋላ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን ሽልማት አግኝተዋል። ከ20 ለሚያንስ ሰው፣ ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ ቁጥሩን ለ3፣ ደብዘዝ ካለ ለ2 ማካፈል ነው፤ 18 ሰው በጥሩ ብርሃን 6 ጊዜ ይነሳል ማለት ነው። ስሌቱ ያላካተተው የተሳበ ሆድ ከስንተኛው ፎቶ በኋላ እንደሚለቀቅ ነው። ያኔ የፊት ረድፍ ሆነው የተንበረከኩት ዛሬም እንንበርከክ ካሉ ተዉአቸው አይባልም፤ ወንበር ይቀርብላቸዋል። መንበርከኩስ ይሆናል፤ ለማስነሳት ግን ለአንዱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ማታ ፎቶው ግሩፑ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በሁለት ጣት የገዛ ፊቱን ያሰፋል። «ሁላችሁም ምንም አልተለወጣችሁም!» ብሎ የሚጽፈው ቀን ሦስት ሰው «ማን ነበርክ?» ሲል የዋለው ነው። በመጨረሻ አንዷ «ከኋላ ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛው ማነው?» ብላ ትጠይቃለች። ዝም። አለቃው ዝርዝሩን ያገላብጣል፤ የከፈሉት ውስጥ የለም፣ ያልከፈሉትም ውስጥ የለም። ጠዋት ሲጣራ የአንዱ ሾፌር ሆኖ ይገኛል፤ ለካ አምስት ሰው አቅፎ «አንተን እንዴት ልረሳህ!» ብሎታል።