ከጎርጎራ ድንኳን ጎንደር ደርሶ መልስ፦ ቀኑን በትንሹ ልጅ እግር ለኩት

ባለፈው ጥቅምት ወንድሜ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ሆቴል አንፈልግም ጎርጎራ ጣና ዳር ድንኳን ተክለን ነው የምንሰነብተው አሉኝ እኔም በጣም ደስ አለኝ፣ ደንቢያ ሜዳው ኑግ አብቦ ቢጫ በቢጫ በሆነበት ሰዓት ልጅ እዛ አድሮ ቢነሳ ምን ይከፋል። ጎንደር ደርሰው የሚመለሱበትን ቀን ፕላን ያረግኩት ግን እኔ ነኝ፣ ዛሬ ይሄን የምጽፈውም በዛ ቀን ባጠፋሁት ነገር ነው።

ፕላኔ ምን ነበር መሰላችሁ፣ ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ከዛ ጥምቀተ ባሕሩ (የፋሲል መዋኛ የሚሉት)፣ ከዛ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ ከምሳ በኋላ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የነበረው ቁስቋም፣ ከዛ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረችው ወለቃ፣ መጨረሻ ላይ ጎሃ ተራራ ወጥቶ ከተማዋን ከላይ ማየት። ስድስት ቦታ በአንድ ቀን። ቁስቋም ስንደርስ የአራት ዓመቷ እናቷ ጀርባ ላይ ተኝታለች፣ መሀለኛው ሚኒባስ ውስጥ አስመልሶታል፣ ትልቁ ደግሞ አስራ አንድ ዓመቱ ነው «አክስቴ ይሄም ግንብ ነው ያም ግንብ ነው፣ መቼ ነው ወደ ድንኳናችን የምንመለሰው» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ ይሄ ንግግር አንጀቴን በላው፣ እኔ እኮ ከተማዬን ይወዱልኛል ብዬ ነው። ወለቃንም ጎሃንም ትተን ተመለሱ፣ ጎርጎራ የደረሱት ጨለማ ውስጥ ነው።

የኛ የጎንደር ሰው አንድ አመል አለብን፣ እንግዳ ሲመጣ ሁሉንም ካላሳየነው የተቀበልነው አይመስለንም፣ «ሥላሴን ሳታይማ አትሄድም»፣ «ቁስቋምን ሳታይ ጎንደር መጣሁ እንዳትል» እንላለን። ለትልቅ ሰው ይሄ ፍቅር ነው፣ ድንኳን ውስጥ አድሮ በማለዳ ተነስቶ ለመጣ ልጅ ግን ስቃይ ነው።

ሰዓቱን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በቆላ ድባና በአዘዞ በኩል፣ እንደ መኪናውና እንደ መንገዱ ሁኔታ ሁለት ሰዓት መያዝ ይሻላል። ልጆች ድንኳን ውስጥ ሆነው ተነስተው ተጣጥበው ቁርስ በልተው ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት አይንቀሳቀሱም፣ ጎንደር ሦስት ሰዓት ተኩል ትደርሳላችሁ። ሳይጨልም ለመመለስ ደግሞ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከጎንደር መውጣት አለባችሁ። ስድስት ሰዓት ነው ያላችሁ፣ ምሳና ሽንት ቤት ጫማ ማሰርና ለቅሶ ሲቀነስበት አራት ሰዓት ቢቀር ነው። በአራት ሰዓት ልጅ ይዞ ሁለት ቦታ ይታያል፣ ሦስተኛው ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ ነው።

እኔ አሁን ብጠየቅ አንደኛው ፋሲል ግቢ ይሁን እላለሁ፣ እሱም ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር። ግን ሁሉንም ቤተ መንግሥት እየገባችሁ አትውጡ፣ የአፄ ፋሲልን ግንብ አሳዩአቸው፣ የአንበሶቹን ቤት አሳዩአቸው፣ ከዛ ሳሩ ላይ ልቀቋቸው ይሩጡ። ተለቅ ላለው ልጅ የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ለምን ጣራ እንደሌለው ንገሩት፣ ጣልያን ግቢውን ይዞት ስለነበር እ.ኤ.አ በ1941 እንግሊዞች ከአውሮፕላን ደብድበውታል፣ ልጅ እንዲህ አይነቱን አይረሳም። ቀን ሲጠራ ከላይኛው ሰገነት ጣና ይታያል ይባላል፣ እኔ የወንድሜን ልጆች «ድንኳናችሁ በዛ በኩል ነው» ብዬ ወደ ደቡብ ሳሳያቸው ነው ያን ቀን ሙሉ አንዴ ፊታቸው የበራው።

ከድንኳኑም ጋር የሚያገናኝ ታሪክ አለ እኮ። አፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ በኩል ጣና ዳር ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር፣ ፍርስራሹ እስካሁን አለ፣ በካቶሊክ እምነት ምክንያት አገሩ ታምሶ እ.ኤ.አ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፣ ፋሲልም ጥቂት ዓመት ቆይተው ጎንደርን ቆረቆሩ። ስለዚህ አንድ ቀን የአባትየውን ቦታ ካምፑ አካባቢ አሳይታችሁ በሌላ ቀን የልጅየውን ከተማ ብታሳዩ መንገዱ ራሱ ታሪክ ይሆንላችኋል፣ እኔ ይሄን ሳላስብ ከግንብ ግንብ ሳሯሩጣቸው ዋልኩ።

ሁለተኛው ቦታ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች አንዱ ካንዱ ስለሚለይ ልጅ አንገቱን ቀና አርጎ ሲፈልግ ይቆያል፣ የሱዳን ድርቡሽ እ.ኤ.አ በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥል ንብ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን አዳነው የሚባለውንም አውሩላቸው። ቀኑን ግን አይታችሁ ነው፣ ጾም ከሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ እንደልብ አይገባም፣ ምሳውም በያይነት ነው፣ ሥጋ የለመደ ልጅ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት።

ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ደግሞ ልጆችን አታታልሉ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው፣ ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባለት ለጥምቀት ነው። ትንሿ «አክስቴ ውሃው የታለ» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፣ «መዋኛ እናያለን» ያልኳት እኔ ነኛ። ግንቡን አቅፎ የያዘውን የዛፍ ሥር ብቻ እናያለን ብላችሁ ብትወስዷቸው ይወዱታል።

ሰሜን ተራራ ሳንቃበር ድንኳን ተክላችሁ ጎንደርን ደርሰን እንምጣ የምትሉ እባካችሁ ተዉት፣ የተራራው መግቢያ ከሆነችው ከደባርቅ ከተማ እስከ ጎንደር ብቻውን 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጎንደር አንድ ሌሊት እደሩ።

የካምፑን ነገርም አትርሱ። ጣና ዳር ወባ አለ ስለዚህ አጎበር ግድ ነው፣ ጉማሬም ማታ ማታ ከውሃ ይወጣል፣ ደክሟችሁ ጨለማ ውስጥ ደርሳችሁ ድንኳን ማስተካከል አይሆንም፣ ከተቻለ አንድ ትልቅ ሰው እዛው ይቅር። ሃይላንዱን ሙዙን ዳቦ ቆሎውን ማታውኑ አዘጋጁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠዋት ሳትጠይቁ ደግሞ አትነሱ፣ የሀገሬው ሹፌር ዛሬ ይቅር ካላችሁ ይቅር። በማግስቱ ደግሞ የትም አትሂዱ፣ ልጆቹ ውሃው ዳር ታንኳ እያዩ ይዋሉ።

እኛ ከተማችን ውስጥ ያለን ሰዎችም ልናስብበት ይገባል፣ ሕፃን የያዘች እናት ፋሲል ግቢ ዞራ ስትወጣ ጥላ ስር ቁጭ ብላ የምታጠባበት ቦታ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ትንሽ ወንበር፣ ይሄ ብዙ ብር የሚፈልግ አይመስለኝም። ለቀን ብቻ የሚመጣ ቤተሰብ ሆቴል የለውም፣ ገብቶ የሚያርፍበት ክፍል የለውም፣ የኛ ከተማ ናት ለስድስት ሰዓት ቤቱ የምትሆነው።

ወንድሜ በሚቀጥለው ለጥምቀት እንመጣለን ብሏል፣ ድንኳኑን ይዘው። ጥር 10 እና 11 ልጅ ይዞ ደርሶ መልስ አይታሰብም፣ ሕዝቡ መንገዱን ስለሚሞላው መውጣትም መግባትም ከባድ ነው፣ ስለዚህ ለበዓሉ ሁለት ሌሊት እኔ ቤት ያድራሉ። ከዛ በፊት ግን ጥር 7 አካባቢ ከጎርጎራ መጥተው አንድ ቦታ ብቻ እናያለን፣ ጥምቀተ ባሕሩን፣ ግርግሩ ሳይጀመር። ለትንሿ ውሃውን ላሳያት።