ቀበሌ ሂጂ፣ ክፍለ ከተማ ሂጂ፣ ከተማ ሂጂ... ውሃው ግን እኛ ቤት ነው

ኧረ ሰዎች ደከመኝ። ሀዋሳ ነው ያለሁት፣ ጎረቤታችን የሰፈሩ ጎርፍ የሚወርድበት ዲች ላይ ያለ ፈቃድ ቤት ጀመረ፣ ዲቹ ተዘጋ ማለት ደሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው እኛ ግቢ ገባ ማለት ነው። ገና መሠረት ሲቆፈር ቀበሌ ሄድኩ፣ እኛ ሪፖርት እናደርጋለን እንጂ ማስቆም አንችልም አሉኝ፣ ክፍለ ከተማ ስሄድ ትዕዛዙ ከላይ ነው የሚመጣው፣ ላይ ስወጣ ማመልከቻዬን "ለሚመለከተው ክፍል" ብለው መርተው መልሰው ወደ ታች! በዚህ መሃል ኮለኑ ቆመ፣ ሶሌታው ተሞላ።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም እኮ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ 624 የሕንፃ ሹም የሚባል፣ ግንባታ የሚፈቅድና የሚቆጣጠር ኃላፊ አስቀምጦ ነበር። ለንደን ያለ ወንድሜን ስጠይቀው እዛ 32 ቦሮ (እንደኛ ክፍለ ከተማ በሉት) አለ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራን የሚያስቆመው የቦሮው ምክር ቤት ነው፣ ከንቲባው ትልልቅ ፕሮጀክት ላይ ነው የሚገባው አለኝ። በቃ የማን በር እንደሚንኳኳ ይታወቃል።

እኔ የምለው ማፍረሱ ከላይ ይሁን፣ ግን በመጀመሪያው ቀን ሥራ የማስቆም ሥልጣን ለቀበሌ ይሰጥ! ሰውየውም እኮ ልጆች አሉት፣ ያን ጊዜ ቢያስቆሙት የሚከስረው የቁፋሮ ብቻ ነበር፣ አሁን ይፍረስ ማለት ለኔም ይከብደኛል። ትናንት ማታ ዝናቡ ሲጀምር እናቴ ፍራሹን ከመሬት አንስታ ጠረጴዛ ላይ ስትቆልል ነው ያመሸችው።