ቀድማችሁ ለቀበራችሁ፣ ክብር ይገባችኋል

ዛሬ አንድ የቆየ ዕዳ ልክፈል። ታዋቂ ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲገባ፣ ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ከክንዱ ላይ ሳትፈታ «ነፍስ ይማር» ብላችሁ ለምትጽፉ ወገኖቼ ምስጋና ላቅርብ። እናንተ ባትኖሩ እኮ ሰው ሁሉ በራሱ ሰዓት ሊሞት ነበር!

ሙያችሁ ድንበር አያውቅም። ለምሳሌ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኖቬምበር 11፣ 2025) የህንድ ባልደረቦቻችሁ ያሳዩትን ቅልጥፍና እንይ። የ89 ዓመቱ የህንድ ፊልም ተዋናይ ዳርሜንድራ ሙምባይ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቷል። ከፑንጃብ ገጠር የወጣ የአስተማሪ ልጅ ነው። በፈረንጆቹ ከ1960 ጀምሮ ከ300 በላይ ፊልሞች ላይ ታይቷል። የሚታከም ሰው እንግዲህ ይታከማል፣ ይድናል ወይም አይድንም። ይሄ ግን ጊዜ ይፈጃል። ሰበር ዜና ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ በማለዳው ገደሉት።

ሥራው ጥራት ነበረው። ፎቶው ወዲያው ቀለሙ ተመጥጦ ጥቁርና ነጭ ሆነ። (ሰውየው ሥራ የጀመረው በጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ወደ መነሻው መለሱት ማለት ነው።) ከጎኑ ሻማ በራለት። የሀገሪቱ መከላከያ ሚኒስትር ሳይቀሩ የሐዘን መልእክት ጻፉ፣ በኋላም አጠፉት። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር። የጎደለው አንድ ሟች ብቻ ነው።

ቤተሰቡ ግን ምስጋና ቢስ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ኢሻ ኢንስታግራም ላይ ወጥታ «አባቴ እያገገመ ነው» አለች። ባለቤቱ ሄማ ማሊኒ ደግሞ የተደረገው ይቅር የማይባል መሆኑን ጻፈች። እንዲህ ይባላል? ሰው ሥራዬ ብሎ ለባልሽ ሲያለቅስልሽ! በማግስቱ ይባስ ብለው ሰውየውን ከነነፍሱ ወደ ቤቱ ወሰዱት። ካሜራ ተሸክመው ደጃፉ ላይ ያደሩትን ልጁ ሳኒ ወጥቶ «እናንተ ቤት ወላጅ የለም ወይ? አታፍሩም?» ብሎ ተቆጣቸው። ለቀስተኛን እንዲህ የሚያባርር ቤት አይቼም አላውቅ።

ነገሩ ሾሌን አስታወሰኝ። እንደምታስታውሱት በዚያ በፈረንጆቹ የ1975 ፊልም ዳርሜንድራ ሰክሮ ውሃ ታንከር ላይ ይወጣል። የሚወዳትን ልጅ ካልሰጣችሁኝ ራሴን ወርውሬ እሞታለሁ ይላል። መንደርተኛው በሙሉ ከታች አንጋጦ ይለምነዋል። አሮጊቷ አክስቷ እንኳ እጇን ትሰጣለች። ምን ዓይነት ኋላ ቀር ሕዝብ ነው? ሰውየው በገዛ አፉ እሞታለሁ እያለ፣ ከመሀላቸው አንድ ሰው እንኳ «ነፍስ ይማር» ብሎ ቀድሞ አልለጠፈም። ዛሬ ቢሆን ከታንከሩ ሳይወርድ ሠልስቱ ይወጣ ነበር።

በዚሁ ፊልም ቀረጻ ላይ ዳርሜንድራ ሄማን ደጋግሞ ለማቀፍ ሲል ለመብራት ሠራተኞቹ ጉርሻ እየሰጠ ቀረጻው እንዲበላሽ ያደርግ ነበር ይባላል። ያኔ ስህተት በገንዘብ ይገዛ ነበር። አሁን በነጻ ነው፣ ያውም ከነማስታወቂያው።

እውነት ለመናገር፣ በዚህ ጉዳይ የኛ አባቶችም ብዙ ይቀራቸው ነበር። መርዶ የሚባል አድካሚ ሥርዓት ነበራቸው። ዋሽንግተን የምትሠራ ልጅ እናቷ አገር ቤት ብትሞት፣ ጓደኞቿ ቀድመው ይሰሙና አፋቸውን ይይዛሉ። ፈረቃዋን እስክትጨርስ ይጠብቃሉ። ፌስቡክ እንዳትከፍት በሰበብ ስልኳን ይወስዱባታል። በዕድሜ የገፋ ሰው ይፈለጋል። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው በሯን ያንኳኳሉ። በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው በነጠላ ስታይ ማንም ሳይነግራት ይገባታል። ያን ጊዜ የሚይዛት እጅ አጠገቧ አለ። ምን ያህል የሥራ ሰዓት እንደሚባክን አስቡት! እናንተ ግን ይሄን ሁሉ በአንድ ሻማና «ሼር አድርጉ» በሚል ቃል ተካችሁት። አውቶቡስ ላይ ሆና ታንብበው፣ ምን ችግር አለው?

የሰፈራችን የዕድር ጥሩምባ ነፊ ብቻ ነው ያልሠለጠነው። አሁንም ጥሩምባውን ከመንፋቱ በፊት ሟቹ ቤት ድረስ ሄዶ ያረጋግጣል። አንድ ቀን ለምን እንደማይፈጥን ጠየቅኩት። «ተሳስቼ ብነፋ ሰውየው ነገ መንገድ ላይ ያገኘኛላ» አለኝ። እናንተን መንገድ ላይ የሚያገኛችሁ የለም። የሰለጠነ ሥራ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ልምጣ። አጎቴ ያደገው መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ ደጃፍ ነው። የህንድ ፊልም ሃይማኖቱ ነው ማለት ይቻላል። እሱና ጓደኞቹ በልጅነታቸው አንድ የማይናወጥ ሕግ ነበራቸው፦ አክተር አይሞትም። ቦንብ ቢፈነዳ፣ ከገደል ቢወድቅ አክተሩ ይነሳል። ሾሌ ላይ ግን አክተሩ ሁለት ሆነና ሕጉ ተናጋ። አሚታብ ባቻን መጨረሻ ላይ ሞተ። አጎቴ እንደሚለው ጓደኛሞቹ ሳምንት ሙሉ ተጣልተው ከርመዋል። በመጨረሻ የተስማሙበት ፍርድ እንዲህ ነው፦ ከሞተ አክተር አልነበረም፤ አክተሩ ዳርሜንድራ ነው።

ኅዳር 2 ቀን የአክስቴ ልጅ ግሩፑ ላይ ዜናውን ለጠፈው። ሦስት የሚያለቅስ ፊት፣ አንድ ሻማ፣ «ነፍሱን በገነት ያኑርልን»። የአክስቴ ልጅ ዳርሜንድራን ከአሚታብ አይለይም። የለጠፈው ፎቶም የአሚታብ ነበር። አክስቴ አለቀሰች። ዱባይ ያለችው እህቴ «እኔኮ ትናንት ሰምቼዋለሁ» ብላ አንድ ቀን ቀደመችው፤ ማለትም ሰውየው በእሷ አቆጣጠር ሁለት ቀን ሙሉ ሞቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማስተባበያው መጣ። አጎቴ ደወለልኝ። «አክተር አይሞትም አላልኩህም?» አለኝ፣ ድምጹ እንደ ልጅ ሆኖ። የአክስቴ ልጅ ይቅርታ የሚል ነገር አልጻፈም። በደረጃው ያለ ሰው ለማስተባበያ ጊዜ የለውም። በዚያው ሰዓት ስለ አንድ የኛ ድምጻዊ መሞት ለጥፎ ነበር። ድምጻዊው ማታ ሠርግ ላይ ሲዘፍን ታየ።

ዳርሜንድራ ኅዳር 15 ቀን፣ 90 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በእርግጥ አረፈ። በዚያን ቀን ግሩፓችን ላይ ማንም ቶሎ አላመነም። አክስቴ «የአሁኑስ የእውነት ነው?» ብላ በድምጽ ላከች። አጎቴ አይቶ ዝም አለ። የአክስቴ ልጅ ግን ወደ ኋላ ሄዶ፣ ሻማ ያለበትን ያንን የኅዳር 2 ጽሑፉን ፈልጎ አገኘው። ከነአሚታብ ፎቶው መልሶ ለጠፈውና ከሥሩ አንድ መስመር ጻፈ።

«ብያችሁ ነበር።»

አሥራ አራት ላይክ አገኘ።