እትብቱን ለመቁረጥ ምን አስቸኮለን?

ስለ እትብት የሚሰጠን ምክር በአብዛኛው ስለ ንጽህና ነው። አዲስ ምላጭ፣ የታጠበ እጅ፣ ለነፍሰ ጡሯ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት። ምክሩ ፍሬ አፍርቷል። ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ እንደ ሕዝብ ጤና ችግር ማስወገዷ በፈረንጆቹ 2017 ተረጋግጧል። በምን እንደሚቆረጥ ተምረናል። መቼ እንደሚቆረጥ ግን ብዙም አናወራም።

ሕፃን ሲወለድ ደሙ ሁሉ ገላው ውስጥ አይደለም። ሲሶው ገደማ ገና እንግዴ ልጁ ውስጥ ነው። እትብቱ ሳይታሰር ትንሽ ከቆየ ያ ደም ወደ ሕፃኑ ያልፋል፤ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሊደርስ ይችላል። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ ያለው ደም በጠቅላላው ሩብ ሊትር አካባቢ ነው። እንግዲህ ወዲያው ስናስር ምን ያህሉን እንደምናስቀርበት አስቡት።

ከደሙ ጋር የሚቀረው ደግሞ አይረን ነው፤ ሲያንስ ደም ማነስ የሚያመጣው ማዕድን። የእናት ጡት ወተት አቻ የለውም፤ አይረኑ ግን ጥቂት ነው። ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በአብዛኛው የሚዘልቀው ይዞት በተወለደው ነው። ስዊድን ውስጥ በ400 ሕፃናት ላይ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2011 የወጣ ጥናት አለ። በአራት ወራቸው ሲመረመሩ፣ ሦስት ደቂቃ ከተጠበቀላቸው መካከል አይረን ያነሳቸው 0.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ከታሰረባቸው ግን 5.7 በመቶ። ይህ የሆነው በሀብታሟ ስዊድን ነው። እኛ ጋ በፈረንጆቹ 2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ልጆች 57 በመቶዎቹ ደም ማነስ ነበረባቸው። ወባውም፣ የምግቡም ነገር፣ የሆድ ትሉም አለበት፤ ሁሉንም እትብት አይፈታውም። ግን በነፃ የሚገኝን ደም ለምን እንጥላለን?

ቀኑ ሳይደርስ ለሚወለደው ደግሞ ጉዳዩ የሕይወት ነው። በ2023 በላንሴት መጽሔት የወጣ የበርካታ ጥናቶች ድምር ትንተና፣ መጠበቁ የእነዚህን ሕፃናት ሞት በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

አዋላጆቹን አልወቅስም። ቶሎ ማሰር የእናትን መድማት ይከላከላል ተብሎ ለዓመታት ተምረውታል። መድማቱን የሚከላከለው ግን ልጁ እንደወጣ የሚሰጠው የኦክሲቶሲን መርፌ ነው፤ እሱን ደግሞ እትብቱ ሳይታሰርም መስጠት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከአንድ ደቂቃ በፊት እንዳይታሰር ነው። እናትየው ኤችአይቪ በደሟ ቢኖርም ምክሩ ያው ነው። ሕፃኑ አልተነፍስ ብሎ በአየር መስጫ መረዳት ካለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ፍርዱ የባለሙያው ነው። ከዚያ ውጪ ሕፃኑን አድርቆ እናቱ ሆድ ላይ ማስተኛት፣ መሸፈን፣ መጠበቅ። በቃ።

እትብት አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል ሲባል የሚደነግጡ እናቶች ብዙ ናቸው። ከአራት ወይም ከአምስት ወሊዶች በአንዱ የሚታይ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት የለውም። እኔን ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቤት ከተገባ በኋላ የሚቀባው ቅቤ ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ እንዲለሰልስ፣ ቶሎ እንዲወድቅ ብለው። ነገር ግን የተቆረጠው እትብት ለጀርም ክፍት በር ነው። ጤና ባለሙያ ያዘዘው ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ መድኃኒት ከሌለ ደረቁንና ንጹሑን መተው ይሻላል። በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱ ይወድቃል። ዙሪያው ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ከሸተተ ግን ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

በየማዋለጃ ክፍሉ፣ ልጁ የተወለደበት ሰዓት እንደሚመዘገበው ሁሉ እትብቱ የታሰረበት ደቂቃም ቢጻፍ እመኛለሁ። የተጻፈ ነገር ይጠየቃል። እስከዚያው ነፍሰ ጡሮች ለክትትል ስትሄዱ አዋላጇን ቀድማችሁ ጠይቋት፦ «ልጄ ሲወለድ እትብቱን ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው የምታስሪው?»